ፋብሪካና ጎረቤቱ

ንብ የሚያረባ ገበሬ ማር ለመቁረጥ በሚነሣበት ማታ ከአጥሩ ወዲያ ላለው ጎረቤቱ አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ከብቱን ከቀፎው እንዲያርቅ፣ ልጆቹንም ወደ ቤት እንዲያስገባ ነው። ይህን እንዲያደርግ የሚያስገድደው የተጻፈ ደንብ የለም። ጎረቤቱም የሚነገረው ስለ ንብ ጠባይ ከባለቀፎው የበለጠ ዕውቀት ኖሮት አይደለም፤ ንቦቹ የተቈጡ እንደ ሆነ ከሚነደፉት አንዱ እርሱ ስለ ሆነ ነው። ማሩ የባለቀፎው የግል ሀብት ነው፤ ንቡ ግን የማንንም አጥር አያከብርም።

በዘመናችን በሰው መኖሪያ አጠገብ የሚተከለው ፋብሪካ ከዚህ ቀፎ የሚለየው በሁለት ነገር ይመስለናል። አንደኛው መጠኑ ነው፤ ይህ ግልጽ ስለ ሆነ ብዙ አያናግርም። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይታለፋል፤ ይኸውም ባለቀፎው ራሱ ከቀፎው አጠገብ የሚያድር ሲሆን የፋብሪካው ባለቤት በሌላ ከተማ፣ አንዳንድ ጊዜም ከባሕር ማዶ የሚያድር መሆኑ ነው። አደጋው የሚያገኘው ሰውና ስለ አደጋው የሚወስነው ሰው ሲለያዩ፣ ቀድሞ በጉርብትና ልማድ ብቻ ይፈጸም የነበረው ግዴታ ሌላ ጠባቂ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ አደገኛ ነገር የሚሠራ ወይም የሚያከማች ድርጅት ለጎረቤቶቹ ምን ዕዳ አለበት? መንገር ብቻ ይበቃዋልን? ወይስ ማማከርም ይገባዋል? የተማከረው ጎረቤትስ «አይሆንም» ለማለት ካልቻለ ተማከረ ይባላልን?

ነገሩን በባዶ ሐሳብ ብቻ እንዳንመረምረው አንድ የታወቀ መከራ እናስታውስ። በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ፣ ዩኒየን ካርባይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሕንድ ቅርንጫፍ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረው። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ድኾች በጠባብ ጎጆዎች ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1984 ለ3 አጥቢያ፣ ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለ መርዝ ከተጠራቀመበት ታንከር ውስጥ ውሃ ገባ፤ ታንከሩ ጋለ፤ 40 ቶን ያህል የሚሆነውም መርዝ ጋዝ ሆኖ በተኛው ሕዝብ ላይ ወረደ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት በይፋ ያረጋገጠው የሟቾች ቁጥር 3,787 ነው፤ ሌሎች ግምቶች ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። ጋዙ የደረሰባቸው ሰዎች ከ500,000 በላይ ሆኑ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «መሣሪያው ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መሣሪያውስ ነበረ። መርዙን የሚያቀዝቅዘው ማሽን ግን ከወራት በፊት እንዲቆም ተደርጓል፤ የሚያመልጠውን ጋዝ አጥቦ መርዝነቱን የሚያጠፋው መሣሪያ በዚያች ሌሊት በሥራ ላይ አልነበረም፤ የቀረውን የሚያቃጥለው ረጅም ቧንቧም ለጥገና ተፈትቶ ነበር። እነዚህን ሦስት ነገሮች በፋብሪካው ውስጥ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከአጥሩ ውጭ ግን ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከጥቂቶቹ አንዱ ራጅኩማር ኬስዋኒ የተባለው የከተማው ጋዜጠኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 መጨረሻ አንድ ሠራተኛ በፋብሪካው ውስጥ በጋዝ ተመርዞ ከሞተ በኋላ ነገሩን ሲመረምር ቆይቶ፣ ከ1982 ጀምሮ ከተማዋ በታላቅ አደጋ አጠገብ እንደ ተቀመጠች ደጋግሞ ጻፈ። የሚሰማው አላገኘም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ስለ ሳይረኑ የተነገረው ነው። በፋብሪካው ለሠራተኞች የሚጮኸውና ለሕዝቡ የሚጮኸው ሳይረን አስቀድሞ ተለያይቶ ነበር፤ ምክንያቱም በጥቂት ጋዝ ማምለጥ ሕዝቡ በከንቱ እንዳይሸበር ነው ተባለ። በዚያች ሌሊት የሕዝቡ ሳይረን ለጥቂት ጊዜ ጮኸና ተዘጋ፤ እንደ ገና የጮኸው ጋዙ ወደ ከተማው ከገባ በኋላ ነው። ሕዝቡም ወዴት እንደሚሸሽ ማንም አስተምሮት ስለማያውቅ ብዙው ጋዙ በሚነፍስበት አቅጣጫ ሮጠ። አፍና አፍንጫን በርጥብ ጨርቅ መሸፈን ብዙ ይረዳ እንደ ነበር የተነገረው በኋላ ነው። ርጥብ ጨርቅ! እጅግ ድኻ በሆነው ጎጆ ውስጥ እንኳ አንድ ቅዳጅ ጨርቅና አንድ ጣሳ ውሃ አይታጣም። የታጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እርሱም በሰላሙ ቀን በጎረቤት አፍ ሊነገር የሚችል ነበር።

እዚህ ላይ «ያልተማረ ሰው ስለ ኬሚካል ምን ሊመክር ይችላል?» የሚል ተቃዋሚ መነሣቱ አይቀርም። ይህ ተቃውሞ ከቢሮም ከዩኒቨርሲቲም ስለሚሰማ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። እውነት ነው፤ የታንከሩን ግፊት የሚለካው መሐንዲሱ ነው እንጂ ባለሱቁ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ፋብሪካ ደኅንነት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥያቄ መኖሩን መለየት ይገባል። «ይህ ቧንቧ ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚለው የሙያ ጥያቄ ነው። «ይህን ያህል መርዝ በዚህ ሰፈር ማከማቸት ይገባልን?» የሚለው ግን የሙያ ጥያቄ አይደለም፤ የፍርድ ጥያቄ ነው። መሐንዲሱ አደጋው ከስንት አንድ ጊዜ ሊደርስ እንደሚችል አስልቶ ሊነግረን ይችላል፤ ያችን አንድ ጊዜ በማን ልጅ ላይ መጣል እንደሚገባ ግን በስሌት አያገኘውም። ከዚህም በላይ፣ ያልተማረው ጎረቤት ሞኝ የሚመስል ጥያቄ ለመጠየቅ አያፍርም። በቦፓል አንዲት እናት በስብሰባ መካከል ተነሥታ «ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ፣ የፋብሪካው ሹማምንት ወይ መዋሸት ወይ ማሽኑን ማስነሣት ነበረባቸው። መዋሸትም ቢሆን በሰው ፊት ሲሆን ቀላል አይደለም።

ከቦፓል በኋላ ብዙ ዓይኖች ወደ አሜሪካ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ዘወር አሉ። በካናዋ ወንዝ ሸለቆ ኢንስቲትዩት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ የጥቁሮች ኮሌጅ አጠገብ፣ ያው ኩባንያ ያንኑ መርዝ የሚሠራበት ሌላ ፋብሪካ ነበረው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1985 ከዚያ ፋብሪካ ሌላ ዓይነት ጋዝ አምልጦ ከ100 በላይ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። የሰፈሩ ሰዎች በዚያው ዘመን ማኅበር አቋቁመው ስለ መርዙ መጠየቅ ጀመሩ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1986፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕዝቡ በአጠገቡ ስላለው አደገኛ ኬሚካል የማወቅ መብት እንዳለው የሚያረጋግጥ ሕግ አወጣ፤ በሕጉም መሠረት በየአካባቢው ከሹማምንት፣ ከእሳት አደጋ ተከላካዮች፣ ከሐኪም ቤቶች፣ ከጋዜጠኞች፣ ከነዋሪዎችና ከፋብሪካዎቹ ከራሳቸው የተውጣጣ የአደጋ መከላከያ ጉባኤ እንዲቋቋም ታዘዘ። አውሮፓውያንም ወደዚሁ ሐሳብ የደረሱት በራሳቸው መከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1976 በኢጣሊያ በሴቬዞ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ሲበተን፣ ሕዝቡ የመርዙን ስም የሰማው ከሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ ነበር። የ1982 የአውሮፓ መመሪያ ከዚያ ተወለደ።

ኬሚካል ሠሪዎቹ ኩባንያዎችም ከሕጉ ጎን በገዛ ፈቃዳቸው የነዋሪዎች አማካሪ ጉባኤ የሚባለውን አቋቋሙ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ብዙ ጉባኤዎች በአሜሪካ ከተሞች ተነሥተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ የሰፈሩ ሰዎች፣ ማለት አስተማሪ፣ ቄስ፣ ነርስ፣ ባለሱቅ፣ ጡረተኛ፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ማታ ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጋር ይቀመጣሉ። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ስብሰባውን ይመራል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ባለፈው ወር ምን እንዳመለጠ፣ ምን እንደ ተጠገነ፣ ሳይረኑ መቼ እንደሚሞከር ይነገራል። ሥራ አስኪያጁ ከሌላ ከተማ የመጣ ቢሆንም እንኳ በየወሩ ዓይን ለዓይን የሚተያየው ሰው ስላለው የባለቀፎውን ጠባይ በጥቂቱ ይማራል ማለት ነው። ይህ ጉባኤ ትልቅ ጥቅም እንዳለው አንጠራጠርም።

የሆነ ሆኖ ጉዳቱንም መመልከት ይገባል። የጉባኤውን አባሎች የሚመርጠው ማን ነው? የመሪውን ደመወዝና የማታውን እራት የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካው ነው። ሰው ደግሞ የበላበትን ገበታ ለመንቀፍ ያፍራል፤ ይህ ክፋት አይደለም፤ ጨዋነት ነው፤ ጨዋነቱ ግን እዚህ ላይ ጎጂ ይሆናል። በተለይም ኩባንያው ዝምተኛና ትሑት የሆኑትን ብቻ እየመረጠ ካስቀመጠ፣ ጉባኤው አማካሪ መሆኑ ይቀርና የፋብሪካው ጌጥ ይሆናል። ሌላም አለ። ከፋብሪካው ጎረቤቶች ብዙዎቹ የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። አባት በቀን ለእንጀራው ሲል ዝም ያለውን ነገር ማታ በጉባኤ ፊት እንዲናገር መጠበቅ ከሰው አቅም በላይ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት እውነተኛውን ጉባኤ ከጌጡ የምንለይበት መመዘኛ የስብሰባው ብዛት ወይም የንግግሩ ማማር አይደለም። ጉባኤው ከተሰበሰበ ወዲህ ፋብሪካው ሊያደርገው አስቦ የተወው፣ ወይም ሊተወው አስቦ ያደረገው አንድ ነገር እንኳ አለን? ብለን መጠየቅ ይበቃል።

በካናዋ ሸለቆ በዚህ ረገድ አንድ የሚያስመሰግን ነገር ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1994 በሸለቆው ያሉ ፋብሪካዎች፣ ሊደርስ ከሚችለው ሁሉ የከፋው አደጋ ቢደርስ ጋዛቸው እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል በቻርልስተን ከተማ ለሕዝብ አሳዩ። ይህ እንዲሆን የአካባቢው ጉባኤ ብዙ ደክሟል። ብዙ ሰዎች ሕዝቡ ይሸበራል፣ የቤት ዋጋ ይወድቃል፣ ሰው ይሰደዳል ብለው ነበር። ሕዝቡ ግን መጣ፤ ተመለከተ፤ ጠየቀ፤ ወደ ቤቱም ተመለሰ። እውነትን ለሕዝብ መንገር ሽብር ያመጣል የሚለው ክርክር፣ በአብዛኛው ሽብሩን የሚፈራው ሕዝቡ ሳይሆን ተናጋሪው መሆኑን የሚያሳይ ይመስለናል።

ይህን የመሰለ ግልጽነት ግን አንድ ጊዜ ስለ ተደረገ ለዘለዓለም አይኖርም። በዚያው በኢንስቲትዩት፣ ፋብሪካው ወደ ባየር ኩባንያ ከተላለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2008 ማታ አንድ ታላቅ ፍንዳታ ደረሰ፤ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። የፈነዳው የብረት ጋን ተፈናጥሮ ሲሄድ፣ ከቦታው ጥቂት ሜትር ርቆ የቦፓሉ ዓይነት መርዝ ያለበት ታንከር ነበር። ጋኑ በሌላ በኩል ሄደ። በዚያች ሌሊት የአደጋ ጊዜ ስልክ የሚቀበሉት የወረዳው ሠራተኞች ምን እንደ ተቃጠለ ወደ ፋብሪካው በር ደውለው ሲጠይቁ፣ በረኛው የሚነግራቸው ነገር አልነበረውም፤ እንዲናገር አልተፈቀደለትም። ከአሥር ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች መስኮታቸውን ዘግተው በየቤታቸው እንዲቆዩ ተነገራቸው። በኋላ መርማሪዎች ሲመጡ ኩባንያው የባሕር ማጓጓዣ ጸጥታ ሕግን ጠቅሶ ብዙ ወረቀት ምስጢር ነው አለ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2009 ግን የኩባንያው የአሜሪካ ቅርንጫፍ አለቃ በምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ምስጢሩን ከፈለጉበት ምክንያት አንዱ ስለዚያ መርዝ የሕዝብ ክርክር እንዳይነሣ መሆኑን አመኑ።

በእውነቱ ጠላት እንዳያውቀው የሚሸሸግ ነገር መኖሩን አንክድም። የመርዝ ታንከር የት እንደ ሆነ፣ በሩ በስንት ዘበኛ እንደሚጠበቅ በአደባባይ ይለጠፍ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን በጠላት ስም የተዘረጋ መጋረጃ ብዙ ጊዜ ጎረቤትን ይጋርዳል። ጠላት ከፋብሪካው መረጃ ጥቂት ብቻ ይበቃዋል፤ ጎረቤት ግን ምን ቢሸት ወዴት እንደሚሄድ፣ ዓይኑን በምን እንደሚታጠብ፣ ሐኪሙም የትኛውን መድኃኒት እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። እነዚህ ለጠላት አንዳች ጥቅም የላቸውም። ሁለቱን መለየት የማይችል ወይም የማይፈልግ አስተዳዳሪ ስለ ጸጥታ ሳይሆን ስለ ራሱ ዕረፍት የሚያስብ ነው። የኢንስቲትዩቱ መርዝ በመጨረሻ በ2011 መሠራቱ ቀረ፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሲጠይቁ የነበሩት ጎረቤቶች ያኔ ብዙዎቹ አርጅተው ነበር።

ማወቅ በወረቀት ላይ መስፈር ማለት እንዳይመስለን ደግሞ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2013 በቴክሳስ ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ማዳበሪያ የተከማቸበት መጋዘን እሳት ያዘው። የከተማው የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተከላካዮች ወዲያው ደረሱ፤ በጥቂት ደቂቃም ውስጥ መጋዘኑ ፈነዳ። ከሞቱት 15 ሰዎች 12ቱ ለርዳታ የመጡት ነበሩ። ማዳበሪያው በመጋዘኑ መኖሩ በሕጉ መሠረት ለመንግሥት በጽሑፍ ተመልክቷል። ቅጹ ተሞልቷል፤ መዝገብ ቤት ገብቷል። ውሃ ይዘው ወደ እሳቱ የሮጡት ሰዎች ግን እንዲህ ሊፈነዳ እንደሚችል አላወቁም። እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን ታሪክ ረጋ ብለን ልናስበው ይገባል፤ ቁጥር ሰጥተን ፋይል ካደረግነው በኋላ ነገሩ የታወቀ ይመስለናልና።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመለስ። ጎረቤቱ ተነግሮታል እንበል፤ ገብቶታል እንበል፤ በጉባኤም ተቀምጦ አድምጧል። አደጋው በደረሰ ቀን «አውቀህ ተቀምጠሃልና ከጥፋቱ ተካፋይ ነህ» ሊባል ይችላልን? አንዳንድ ጠበቆች እንዲህ ብለው መከራከር ይወዳሉ። ለእኛ ግን ይህ ዕዳን ከባለዕዳው ወደ አበዳሪው ማዞር ነው። ፈቃድ ፈቃድ የሚባለው ሌላ መንገድ እያለ የተመረጠ እንደ ሆነ ነው። በቦፓል በበሩ ፊት የሰፈረው ድኻ የሰፈረው አደጋውን ወድዶ ሳይሆን መሬቱ ርካሽ፣ ሥራውም ቅርብ ስለ ነበረ ነው፤ መሬቱም የረከሰው ሌላው ሰው ስለ ሸሸው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አማክረን ዝም ሲል እሺ አለ ብለን ብንጽፍ፣ የጻፍነው ፈቃዱን ሳይሆን ድህነቱን ነው። ስለዚህ ማማከር የፋብሪካውን ኃላፊነት አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ይጨምረዋል፤ ከእንግዲህ ወዲያ «አላወቅሁም ነበር» ሊል አይችልምና። ምናልባት ብዙ ሥራ አስኪያጆች ጉባኤውን የማይወዱት ስለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

በአገራችን ስለዚህ ነገር ሕጉ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92፣ ሕዝብ እርሱን በቀጥታ በሚመለከቱ የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ላይ የመመከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፋብሪካ ከመሠራቱ በፊት ሊያመጣው የሚችለው ጉዳት እንዲጠና፣ ጥናቱም ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት አዝዟል። በሞጆ ወንዝ ዳር ክሮም የሚጠቀሙ የቆዳ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ወጣቶች ወደ አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ እንዲመጡ አድርጓል። በእነዚህም ሆነ ወደ ፊት በሚተከሉት ዙሪያ «ሕዝቡ ተማክሯል» የሚል ቃል በብዙ ሪፖርት ላይ መጻፉ አይቀርም።

ይህን ቃል የሚጽፈው ሹም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ትንንሽ ነገሮችን ቢጠይቅ መልካም ነው። ስብሰባው የተጠራው በገበያ ቀን ነው ወይስ በሌላ ቀን? ሴቶቹ ለመምጣት በሚመቻቸው ሰዓት ነው ወይስ ውሃ በሚቀዱበት? ጥናቱ በምን ቋንቋ ተነበበ? የሰፈሩ ሰው በሚናገረው ወይስ መሐንዲሶቹ እርስ በርሳቸው በሚግባቡበት? ጥያቄ የጠየቀው ሰው ስሙ ከጥያቄው ጋር ተጽፏልን? መልሱስ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ተነግሮታልን? የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ከፋብሪካውና ከመሥሪያ ቤቱ ሌላ በቀበሌው እጅ ቀርቷልን? ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መሐንዲሱ ተነሥቶ፣ ከሚታሰበው ሁሉ የከፋው ቢደርስ ጋዙ ወይም ውሃው እስከ የትኛው ቤት ድረስ እንደሚሄድ በካርታው ላይ በጣቱ እያመለከተ፣ የቤቱ ባለቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያየው መናገር የሚኖርበት።